የገዛሁት ጌም የኔ ካልሆነ ገንዘቤ ምን ገዛ?

ካርትሪጅ፦

ጤና ይስጥልኝ ጌመሮች። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፣ ታገሱኝ። ነገሩ ሆዴ ውስጥ ከተጠራቀመ ቆይቷል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ጌም እጫወታለሁ። በካርትሪጅ (ጌሙን የያዘ፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካ ትንሽ ሣጥን) ጀመርኩ፣ በዲስክ አለፍኩ፣ ዛሬ ሁሉም ነገር በዳውንሎድ የሚመጣበት ጊዜ ላይ ደርሻለሁ። ግራፊክሱ አድጓል። ታሪኩ ጠልቋል። ሙዚቃው ብቻውን የሚደመጥ ሆኗል። «የድሮ ጌም ቀረ» ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በቅርብ ዓመታት ከተጫወትኳቸው መካከል በዕድሜዬ ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጡ አሉ።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ጌም ስገዛ በእጄ የሚቀር ነገር መግዛት እፈልጋለሁ። ጨርሼው ላስቀምጠው፣ ከዓመታት በኋላ ስፈልግ ልከፍተው። ኢንዱስትሪው ይሄን ቀስ በቀስ እየወሰደብኝ ነው። ማለቂያ የሌለው ነገር ይሸጥልኛል። ከዚያ አንድ ቀን ራሱ መጥቶ ይዘጋዋል።

ዘ ክሩን ውሰዱት። በ2014 የወጣ የመኪና ጌም ነው። አሜሪካን አሳንሶ የሣለ ካርታ ነበረው፣ ከአንዱ ጠረፍ እስከ ሌላው መንዳት ይቻላል። ብቻህን ብትነዳም ከኩባንያው ሰርቨር (ጌሙን ከሩቅ ከሚያካሂደው ኮምፒውተር) ጋር መገናኘት ግድ ነበር። ማርች 31፣ 2024 የጌሙ ባለቤት ዩቢሶፍት ሰርቨሩን ዘጋ። ዲስኩን ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠ ሰው ዛሬ ዲስኩን ቢያስገባ ጌሙ አይነሳለትም። ብዙም ሳይቆይ ከገዢዎች አካውንት ላይ ፈቃዱ ራሱ መነሳት ጀመረ።

አሁን ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን አስቡ። 1985። ሙሉው ጌም 40 ኪሎባይት ነው። በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች። ካርትሪጁና ማሽኑ እስከሠሩ ድረስ ግን ዛሬም ይነሳል። ማንንም አያስፈቅድም። የትኛውም ሰርቨር ቢዘጋ አይነካውም።

እንግዲህ ልዩነቱ የቴክኖሎጂ እድገት አይደለም። ውሳኔ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ የወሰነው ነገር ነው።

በጁላይ 2023 የአሜሪካው የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ያወጣውን ጥናት ያነበበ አለ? እዚያ አገር ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 ከመቶው ዛሬ በገበያ ላይ አይገኙም። ሰው ሊገዛቸው ቢፈልግ እንኳ የሚሸጥለት የለም። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ኒንቴንዶ 3ዲኤስና ዊ ዩ የተባሉትን የጌም ማሽኖቹን የኦንላይን ሱቅ ዘግቷል። እዚያ ብቻ ይሸጡ የነበሩ ጌሞች ከገበያ ወጡ። እነዚህ ጌሞች የአንድ ሙሉ ትውልድ ጥበብ ናቸው፤ ሰዎች ወጣትነታቸውን ሰጥተው ሠርተዋቸዋል።

«ታዲያ ኩባንያው ለዘላለም ሰርቨር ይክፈል ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አይክፈል። በ2024 ሮስ ስኮት የተባለው ዩቲዩበር የጀመረው «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» የተባለ ዘመቻም ይሄን አልጠየቀም። የጠየቀው ስትዘጉት መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ተዉት ብሎ ነው። ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው ፊርማ በጁላይ 2025 ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። እንዲህ ያለ ቁጥር በጌም ጉዳይ ይሰበሰባል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

እንደሚቻል ደግሞ ያሳዩ አሉ። የዱም ሠሪዎች በ1993 የለቀቁትን ጌም ኮድ በ1997 ለሕዝብ ሰጡ። ያ ጌም ዛሬ የማይሠራበት ማሽን ማግኘት ይከብዳል። የኖክአውት ሲቲ ሠሪዎች በ2023 ሰርቨራቸውን ሲዘጉ ተጫዋቹ በራሱ ኮምፒውተር የሚያስነሳውን የሰርቨር ፕሮግራም በነፃ ትተው ሄዱ። ትንሽ ስቱዲዮ ናቸው። እነሱ ከቻሉ ትልልቆቹ ምን ይከለክላቸዋል?

የእናንተን ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ። በተለይ የማትስማሙትን።

ፒክስል_ልጅ፦

ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። ግን እኔ ያደግኩት በፎርትናይት ነው። ጌሙ ነፃ ነው። ጓደኞቼ ያሉት እዚያ ነው። ስኪን ካልፈለግኩ አልገዛም፣ ባልገዛም በጨዋታው አልበለጥም። ከትልልቆቹ ጌሞች አንዱን በሙሉ ዋጋ ከመግዛት ይሄ ለብዙ ሰው ይቀላል። አቅም የሌለው ልጅ እኩል የሚጫወትበት ቦታ መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም።

ካርትሪጅ፦

@ፒክስል_ልጅ ልክ ነህ፣ በሩ ለሁሉም መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። በስኪን ላይም ጠብ የለኝም፤ አቅም የማይጨምር ልብስ መሸጥ ከሁሉም የተሻለው መንገድ ነው። የምጠላው ሰዓት ቆጣሪውን ነው። «ሲዝኑ ሊያልቅ 3 ቀን ቀረው፣ አሁን ካልተጫወትክ የከፈልክበት ያመልጥሃል።» ባትል ፓስ (ከፍለህበት እየተጫወትክ ሽልማቶቹን የምትከፍትበት ጥቅል) የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሲያበቃ ሥራም አብሮ ተሰጥቶታል። ሔሎ ኢንፊኒት በ2021 ሲወጣ ባትል ፓሱ ጊዜው እንዳያልፍ አድርጎታል። ሔልዳይቨርስ 2ም እንዲሁ ነው። ገዝተህ በፈለግክ ጊዜ ትጨርሰዋለህ። ማንም አልከሰረም። ታዲያ ሌሎቹ ለምን ያጣድፉናል?

ማታ_ማታ፦

እኔ ከማይስማሙት ነኝ።

ካርትሪጅ፣ ያንተ ጽሑፍ ጌምን እንደ ዕቃ ነው የሚያየው። እኔ ፋይናል ፋንታሲ 14 ውስጥ ለዓመታት ኖሬያለሁ። ኖሬያለሁ ያልኩት አስቤበት ነው። የምወዳቸውን ሰዎች ያገኘሁት እዚያ ነው። ያ ጌም በመደርደሪያ የሚቀመጥ ነገር ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይኖርም ነበር። በየጊዜው የሚለወጥ፣ በየጊዜው የሚጨመርበት መሆኑ ነው ሰውን የሚሰበስበው። ለዚያ በየወሩ እከፍላለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው የምከፍለው።

ታሪኩንም ታውቁታላችሁ። በ2010 ሲወጣ መጫወት እስከሚያስጠላ የተበላሸ ነበር። ሌላ ኩባንያ ቢሆን ይዘጋው ነበር። እነሱ ግን ከሥር ጀምረው ሠርተው በ2013 እንደገና አወጡት። ይሄ የሆነው የኦንላይን ጌም ስለሆነ፣ ተጫዋቹን ፊት ለፊት የሚያዩት ስለሆነ ነው። አንተ የምትለው ዓይነት ጌም ተበላሽቶ ከወጣ ተበላሽቶ ይቀራል።

ደግሞ ሁሉም ነገር መቆየት አለበት ወይ? አንድ ሰርቨር ላይ ሺህ ሰው ተሰብስቦ ያሳለፈው ምሽት በፕሮግራም አይቀመጥም። ሰርቨሩን ብታስነሳው ባዶ ከተማ ነው።

ካርትሪጅ፦

@ማታ_ማታ እህቴ፣ በጥሩ ሁኔታ አስቀምጠሽዋል። ወርኃዊ ክፍያ ላይ አንድ የሚያስደስተኝ ነገር አለ፤ ግልጽ ነው። ምን እንደምትከፍዪ፣ እስከ መቼ እንደምትከፍዪ ታውቂያለሽ። የኔ ጥያቄ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት እንደ ተገዛ ዕቃ የተሸጠልን፣ ከዚያ ግን እንደ ኪራይ የተወሰደብን ጌም ላይ ነው።

ባዶ ከተማ ስላልሽው ግን ሲቲ ኦፍ ሂሮስን አስታውሺ። በ2012 ተዘጋ። ተጫዋቾቹ በድብቅ ሰርቨር አቆሙ። በጃንዋሪ 2024 ባለቤቱ ኩባንያ ራሱ ለአንዱ የተጫዋቾች ቡድን ሕጋዊ ፈቃድ ሰጠ። ከተማዋ ባዶ አልሆነችም። ሰዎቹ ተመልሰው መጡ። በር ተከፍቶ ከተተወ ማን እንደሚገባ አስቀድሞ አይታወቅም።

ሰርቨር_ጠባቂ፦

እኔ ሥራዬ ይሄው ነው፤ የኦንላይን ጌም ሰርቨር እሠራለሁ። ስለዚህ ከውስጥ በኩል ትንሽ ላስረዳ።

ሰው ሰርቨር ሲባል አንድ ፕሮግራም ይመስለዋል። አይደለም። አካውንትህን የሚያረጋግጠው ለብቻው ነው። ተጫዋቾችን የሚያጣምረው ለብቻው ነው። ዕቃህንና ደረጃህን የሚመዘግበው ዳታቤዝ ሌላ ነው። ግጥሚያውን የሚያካሂደው ሌላ ነው። ከነዚህ ውስጥ ብዙው ከሌላ ኩባንያ በፈቃድ የተወሰደ ኮድ ነው፣ ለሕዝብ መስጠት አንችልም። የመኪና ጌም ከሆነ ደግሞ የመኪና ፋብሪካዎቹ ስምና ቅርጽ በጊዜ የተገደበ ውል አለው። የሙዚቃውም እንዲሁ።

ይሄን ሁሉ ጌሙ ሊዘጋ ሲል መፍታት እጅግ ከባድ ነው። መጀመሪያ ሲነደፍ ከታሰበበት ግን ከባድ አይደለም። ብቻውን የሚጫወት ሰው ከሰርቨር ጋር ምን ጉዳይ አለው? በአብዛኛው ምንም። የሚገናኘው የጌሙ ሱቅ እንዲታየው፣ አጨዋወቱ እንዲመዘገብ፣ ኮፒ እንዳይደረግ ነው። ይሄን አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ማሰር ይቻላል። ሐሳቡን በስብሰባ ላይ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። መልሱ ሁልጊዜ «በኋላ እናየዋለን» ነው።

በኋላ የሚባለው ጊዜ ሲደርስ ደግሞ የሚያውቀው ሰው የለም። ካርትሪጅ ያላነሳኸው ጉዳይ ይሄ ነው። ጌምን የሚያቆየው ሰው ነው። እኔ የሠራሁበት አንድ ስቱዲዮ ሲዘጋ ግማሹ ቡድን በአንድ ቀን ወጣ። ኮዱ እንዴት ተገጣጥሞ እንደሚነሳ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የኦፍላይን (ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ) ስሪት ቢባል ማን ይሠራዋል?

ማይክሮሶፍት በኦክቶበር 2023 አክቲቪዥን ብሊዛርድ የተባለውን የጌም ኩባንያ በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በጃንዋሪ 2024 ከጌም ክፍሉ 1,900 ሠራተኞች ተቀነሱ። በሜይ 2024 የማይክሮሶፍት ስቱዲዮ የነበረው ታንጎ ጌምወርክስ እንዲዘጋ ተወሰነ። ታንጎ እኮ ሃይ-ፋይ ረሽን የሠራ ስቱዲዮ ነው። ተቺው የወደደው፣ ተጫዋቹ የወደደው፣ ሽልማት ያገኘ ጌም! ደግነቱ ክራፍተን የተባለው የኮሪያ ኩባንያ ደርሶ ወሰዳቸው። ኮንኮርድ የተባለው ጌምም አለ። ኦገስት 23፣ 2024 ወጣ፣ ሴፕቴምበር 6 ተዘጋ። ለገዢዎች ገንዘባቸው ተመልሷል፣ ያ ተገቢ ነው። የሠሩት ሰዎች ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስቱዲዮአቸው ተዘጋ። የብዙ ዓመት ሥራቸውን ለማንም ማሳየት አይችሉም።

ሌላ መንገድ የለም ለሚል የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የነበረውን ሳቶሩ ኢዋታን ልጥቀስ። ዊ ዩ አልሸጥ ብሎ ኩባንያው ሲከስር፣ በ2014 የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቀነሰ። ሠራተኛ ማባረርን አልመረጠም። ነገ እባረራለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ሌላውን የሚያስደስት ነገር መሥራት አይችልም የሚል እምነት ነበረው። እኔ ይሄን በሥራ ላይ አይቼዋለሁ፤ እውነት ነው።

ፒክስል_ልጅ፦

ሃይ-ፋይ ረሽን የሠሩትን ሊዘጓቸው ነበር??? አላውቅም ነበር። በጣም ያናድዳል።

የሁለት_ልጆች_እናት፦

እኔም ድሮ ተጫዋች ነኝ፣ አሁን ደግሞ ከልጆቼ ጋር እጫወታለሁ። ወንድሜ ካርትሪጅ፣ ስለ ሉት ቦክስ (ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቅ በገንዘብ ስለምትከፍተው የጌም ሳጥን) ያላነሳኸው ለምንድን ነው? ለኔ የዚህ ኢንዱስትሪ ትልቁ ጥፋት እሱ ነው።

ሳጥኑ ይንቀጠቀጣል። ብርሃን ይወጣል። ወርቃማው ካርድ በስንጥቁ ብቅ ይልና ያልፋል። ልጄ ሳጥኑን ሲከፍት ፊቱን አይቻለሁ። ስለ ጌሙ እያሰበ አይደለም። ያ ደስታ ጎል ከማግባት የመጣ አይደለም፣ ከዕጣ የመጣ ነው። የቤልጅየም የቁማር ኮሚሽን በ2018 አንዳንድ ሉት ቦክሶች ቁማር ናቸው ብሎ ወሰነ። ኢኤ የተባለው ኩባንያ በ2019 መጀመሪያ ላይ ፊፋ በተባለው የእግር ኳስ ጌሙ ሳጥኑ የሚገዛበትን ነጥብ እዚያ አገር መሸጥ አቆመ። ጌሙ እዚያ አገር አልጠፋም። ልጆቹ ዛሬም ኳስ ይጫወታሉ። ሳጥኑ ሳይኖርም ጌሙ ይኖራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የጌም ውስጥ ገንዘብ ነው። እውነተኛው ገንዘብ መጀመሪያ ወደ ሳንቲም ወይ ወደ ጌጥ ድንጋይ ይቀየራል። ዋጋው እዚያ ላይ ይደበቃል። የምትፈልገው ስኪን ካለህ ትንሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ጥቅል ትገዛለህ፤ ከዚያ ትንሽ ይተርፍሃል፤ የተረፈው ደግሞ ለሌላ አይበቃም። አዋቂ ሰው እንኳ ሒሳቡ ይጠፋበታል፣ ልጅ ምን ያድርግ?

የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በዲሴምበር 2022 የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በጠቅላላው 520 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ያስማማው በከንቱ አይደለም። 275 ሚሊዮኑ በሕፃናት የግል መረጃ አያያዝ ነው። 245 ሚሊዮኑ ተጫዋቾች ሳያስቡት እንዲገዙ ስላደረጉ ቁልፎች ነው፣ ለተጎዱት የሚመለስ። @ፒክስል_ልጅ ጌምህን ለመንቀፍ አይደለም ልጄ። እኔም ከልጆቼ ጋር እጫወተዋለሁ። ግን የሚወዱትን ነገር አስተካክሉት ማለት ያስፈልጋል።

ጋሽ_አርኬድ፦

ልጆች፣ ጥሩ እየተወያያችሁ ነው። እኔ ከሁላችሁም በዕድሜ እበልጣለሁ መሰለኝ። እናም አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ስግብግብነቱ አዲስ አይደለም።

አርኬድ ማሽን (በየመጫወቻ ቤቱ የሚቆመው፣ በሳንቲም የሚሠራው የጌም ማሽን) ሳንቲም እንዲበላ ነው የተሠራው። ጎንትሌት የሚባለውን የ1985 ጌም የሚያስታውስ አለ? ዝም ብለህ ብትቆም እንኳ ጤንነትህ እየቀነሰ ይሄዳል። ሳንቲም ስትጨምር ጤንነት ይጨመርልሃል። ደብል ድራጎን 3 በ1990 ሲመጣ ደግሞ ጌሙ ውስጥ ሱቅ ነበረው፣ ጉልበትና መሣሪያ በእውነተኛ ሳንቲም የሚገዛበት። የጃፓኑ ስሪት ላይ ይሄን አውጥተውታል። እንግዲህ የዛሬው ማይክሮትራንዛክሽን (ጌም ውስጥ በእውነተኛ ገንዘብ የሚደረግ ትናንሽ ግዢ) አባቱ ማን እንደሆነ እዩት።

ሁለተኛ፣ ካርትሪጅ «ጨርሼው ላስቀምጠው» ትላለህ። ፓክማን መቼ ያልቃል? ታስቦ የተሠራ መጨረሻ የለውም፤ 256ኛው ደረጃ ላይ ደርሰህ ስክሪኑ ግማሹ በስህተት እስኪበላሽ ድረስ ይቀጥላል። ቴትሪስስ መቼ ያልቃል? ከታላላቆቹ ጌሞች ግማሾቹ መጨረሻ የላቸውም።

ካርትሪጅ፦

ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ሲጽፉ ደስ ይለኛል። ደብል ድራጎን 3ን ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው።

ቴትሪስ መጨረሻ የለውም፣ እውነት ነው። ግን በተሸነፍኩ ቁጥር ይለቀኛል። ነገ ካልመጣሁ የሚያመልጠኝ ነገር የለም። ከአሥር ዓመት በኋላ ብመለስ እዚያው ይጠብቀኛል። የዛሬዎቹ ደግሞ ብሄድም ይጠሩኛል፣ ብዘገይ ይቀጡኛል፣ ልመለስ ስል ደግሞ የሉም። ማለቅ ስል ይሄን ነው፤ መቼ እንደማቆም የምወስነው እኔ ነኝ ወይስ እነሱ?

የቴትሪስ ነገር ከተነሳ ደግሞ ይሄን ስሙ። የኒንቴንዶው ቴትሪስ በ1989 ነው የወጣው። ለዓመታት ሰው 29ኛው ደረጃ አይታለፍም ብሎ ያምን ነበር፤ ብሎኮቹ ከጣት ይልቅ ይፈጥናሉ። ተጫዋቾች አዲስ የጣት አያያዝ ፈጠሩ። ከዚያ ሌላ ፈጠሩ። በዲሴምበር 2023 አንድ የ13 ዓመት ልጅ 157ኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ጌሙ ራሱ መቀጠል አቅቶት ቀጥ እንዲል አደረገው። ከዚያ በፊት ያንን ያደረገ ሰው አልነበረም። ከ34 ዓመት በኋላ! ልጁ ሲወለድ ጌሙ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሄ ሊሆን የቻለው ካርትሪጁ ስላለ ብቻ ነው። በ1989 ሰርቨር የሚጠይቅ ጌም ቢሆን ኖሮ ይሄ ልጅ ስሙን እንኳ አይሰማም ነበር።

አሁን ከሚዘጉት ጌሞች ውስጥ እንዲህ ያለ ምስጢር የያዘ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የአርኬዱን ሳንቲም በተመለከተ ግን ጋሼ አንድ ልዩነት አለ። ያ ማሽን የባለቤቱ ነበር፣ እኛም ተከራይ መሆናችንን እናውቃለን። ጌሙ ወደ ቤት ሲገባ ደግሞ ሳንቲሙ ቀረ። ዛሬ ሙሉ ዋጋ ከፍለን ቤታችን ያስገባነው ጌም ሳንቲም ይጠይቃል። ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያመጡብን።

ስፒድራን_ናፋቂ፦

ቴትሪስን ስላነሳህ ተባረክ። ሱፐር ማሪዮንም ሰዎች ዛሬ ከ5 ደቂቃ በታች ይጨርሱታል፣ አሁንም በፍሬም (በሰከንድ ቅንጣት) እየተቆጠረ ክብረ ወሰን ይሰበራል። አርባ ዓመት በሞላው ጌም።

እኔ ልጨምር የምፈልገው ሳይጠናቀቅ ስለሚሸጥ ጌም ነው። ሳይበርፐንክ 2077 በዲሴምበር 2020 ሲወጣ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ የነበረበት ሁኔታ አሳፋሪ ነበር። ከወጣ በሳምንቱ ሶኒ ከሱቁ አወጣው። ትልቅ ጌም ላይ እንዲህ ያለ እርምጃ አይቼ አላውቅም። በኋላ አስተካከሉት፣ በ2023 ደግሞ ግሩም ጌም ሆነ። ኖ ማንስ ስካይም በ2016 የተገባው ቃል ሁሉ ሳይኖር ነው የወጣው፤ ሠሪዎቹ ዓመታት ሙሉ በነፃ እየጨመሩ አሁን ያለበት አድርሰውታል። ሁለቱንም አከብራለሁ። ግን ይሄ ልማድ ከሆነ አደጋ አለው። መጀመሪያ ቀን የገዛው ሰው ከፍተኛውን ዋጋ ከፍሎ የባሰውን ጌም ያገኛል። ደግሞም ዲስኩ ላይ ያለው ያ የተበላሸው ነው። አፕዴቱን የያዘው ሰርቨር አንድ ቀን ሲዘጋ በእጃችን የሚቀረው እሱ ነው። ስለዚህ ይሄም ዞሮ ዞሮ የካርትሪጅ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

የሚያስከፋው ብቻ እንዳይሆን ጥሩዎቹንም እንጥራ። ስታርዱ ቫሊን አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶት በ2016 አወጣው፣ ከ40 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሸጧል፣ እስከ ዛሬ የተጨመረው ሁሉ በነፃ ነው። ባልዱርስ ጌት 3 በ2023 ያለ ምንም ማይክሮትራንዛክሽን ወጥቶ የዓመቱን ጌም ሽልማት ወሰደ። ሆሎው ናይት ሲልክሶንግ በሴፕቴምበር 2025 በ20 ዶላር መጣ። ሰው «ዛሬ እንዲህ ያለ ጌም አያዋጣም» ሲለኝ እነዚህን አሳየዋለሁ።

ማታ_ማታ፦

ባልዱርስ ጌት 3ን አንድ ላይ በአራት ሆነን ነው የጨረስነው። መጨረሻው ላይ ሁላችንም ዝም አልን። እሺ፣ የሚያልቅ ጌምም ሰው ይሰበስባል፣ ይሄን እቀበላለሁ።

ብራና_ወዳድ፦

እኔ ከቤተ መጻሕፍት በኩል ልናገር። መጽሐፍ ከገበያ ቢጠፋ ቤተ መጻሕፍት ሄደህ ታነባለህ። ለጌም ይሄ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክሮች ከገበያ የጠፉ ጌሞችን ለተመራማሪዎች ከሩቅ እንዲያሳዩ ፈቃድ ጠይቀው ነበር። የቅጂ መብት ቢሮው በኦክቶበር 2024 አልፈቀደም። የጌም ኩባንያዎቹ ማኅበር ተቃውሞ ነበር፤ ሰው ለጥናት ብሎ ለመዝናኛ ይጠቀምበታል የሚል ሥጋት አቅርበዋል። ጌምን ማጥናት ሳይጫወቱት እንዴት ይቻላል?

እስከዚያው ድረስ ይሄን ቅርስ የጠበቁት አፍቃሪዎች ናቸው። ሜም (MAME) የተባለው ኢሙሌተር ከ1997 ጀምሮ የአርኬድ ማሽኖችን በኮምፒውተር ላይ እያስነሳ ነው። ጋሽ አርኬድ የጠቀሷቸውን ጌሞች ዛሬ አንድ ወጣት ሊያያቸው የሚችለው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ሕጋዊ በሆነ መንገድ ደግሞ ጂኦጂ የሚባለው ሱቅ ከ2008 ጀምሮ ኮፒ መከልከያ ቁልፍ የሌለባቸው ጌሞች ይሸጣል። ፋይሉን አውርደህ በራስህ ዲስክ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ሱቁ ቢዘጋ እንኳ በእጅህ ነው።

ካርትሪጅ፦

@ብራና_ወዳድ እኔም ብዙ ጊዜ የምገዛው ከዚያ ነው፣ በዚሁ ምክንያት።

@ሰርቨር_ጠባቂ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ዩቢሶፍት በሴፕቴምበር 2024 ለተከታዮቹ ጌሞች፣ ለዘ ክሩ 2ና ለሞተርፌስት፣ የኦፍላይን አማራጭ እንደሚያደርግ አስታውቋል። የመጀመሪያው ጌም ላይ የተነሳው ጩኸት ነው ይሄን ያመጣው ብዬ አምናለሁ። ካሊፎርኒያም ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የኦንላይን ሱቆች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲነግሩ የሚያስገድድ ሕግ አላት። እንግዲህ ነገሩ መንቀሳቀስ ጀምሯል። አንተ ከውስጥ ሆነህ፣ አንድ ሕግ ብቻ ማውጣት ብትችል የቱን ታወጣ ነበር?

ሰርቨር_ጠባቂ፦

ብዙ አላስብበትም። ጌሙ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት የመዘጊያ ስሪቱ ተሠርቶ፣ ተሞክሮ፣ ያለ ሰርቨር መነሳቱ ተረጋግጦ እንዲቀመጥ። ሲዘጋ ሳይሆን ሲወጣ። ያኔ ቡድኑ ሙሉ ነው፣ በጀት አለ፣ ኮዱን የሚያውቀው ሰው ወንበሩ ላይ ነው። ከሌላ ኩባንያ ኮድ ስንገዛም ውሉ ላይ ይሄ አብሮ ይጻፋል፣ ሻጮቹም ይለምዱታል።

ቅድም «ትልልቆቹን ምን ይከለክላቸዋል» ብለህ ነበር። የሚከለክላቸው የሚጠይቃቸው አለመኖሩ ነው። ጌም ወደ ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ የጌም ማሽን) ሱቅ ከመግባቱ በፊት እኮ የኮንሶሉ ባለቤት የሚፈትሸው ረጅም የመስፈርት ዝርዝር አለ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጌሙ ምን መልእክት እንደሚያሳይ ሳይቀር ይታያል። እዚያ ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ቢጨመር፣ እኛ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ እንጀምር ነበር።